ለእሴይ ቀብር የመጡ ሰዎች

ሳምራዊን የማያውቅ የሲያትል ሐበሻ ካለ፣ መኪና የሌለው መሆን አለበት። ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ ለቅሶ ይሁን ምርቃት፣ በር ላይ ቆሞ መኪና የሚያስቆመው፣ «አንተ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ» የሚለው እሱ ነው። እንጀራውም እሱው ነው፤ ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ፓርኪንግ ሻትል ይነዳል። ታዲያ ሰውየው ትንሽ ጉራ አያጣም። ሰው ከመኪና ሲወርድ አይቼ የሙሽራው ወገን ይሁን የሙሽሪት፣ ሊበላ ይምጣ ሊያለቅስ፣ እለያለሁ ይላል። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል፤ ሐሜት ምን ያደርጋል።

የእትዬ ሠርካለም ልጅ እሴይ በልምምድ ላይ ሄሊኮፕተር ወድቆ የሞተ ጊዜም በሩን የያዘው ሳምራዊ ነው። እትዬ ሠርካለም ፌደራል ዌይ ይኖራሉ፤ በየቤቱ እየዞሩ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን ይንከባከባሉ። ያላቸው እሴይ ብቻ ነበር። እሱም የአሜሪካ ወታደር ልሁን ብሎ ሄደና በሣጥን ተመለሰ። መርዶውን እንኳ በወጉ አልሰሙም። እንደ አገራችን ቢሆን ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እሳቸውን ግን ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች በር አንኳኩተው፣ ቆመው ነገሯቸው። ወለሉ ላይ ሲወድቁ የያዛቸው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሰረቀብርሃን በቀብሩ ዋዜማ ሳምራዊን ለብቻው ጠሩት።

«ስማኝ ልጄ፣ ከሠራዊቱ ኮል አድርገውልኝ ነበር። ወታደር በተቀበረ ቁጥር እየሄዱ የሚረብሹ ሰዎች አሉ አሉኝ። እግዚአብሔር አሜሪካን እየቀጣ ነው፣ ወታደሩም ሲኦል ገብቷል የሚል ጽሑፍ ይዘው ይቆማሉ። ቤተሰቡ እነሱን እንዳያይ የሚጋርዱ በጎ ፈቃደኞችም ይመጣሉ። ሶ አንተ ለይተህ አስቁም። ሠርካለም ያንን ካየች አትተርፍልንም።»

«ለመለየት እኔ አለሁ አይደል እንዴ ጋሼ» አለ ሳምራዊ።

ሴቶቹንም አስጠንቅቀው ነበር። ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ስለሆነ ጮክ ብላችሁ እንዳታለቅሱ፣ ፈረንጆቹ ፊት እንዳታሳፍሩን አሏቸው። ሴቶቹ ቅር እያላቸው ዝም አሉ። ልጅ እግሩ ሞቶ ዝም ተብሎ ይቀበራል እንዴ?

በማግሥቱ መቃብር ስፍራው በር ላይ ቀድመው የደረሱት ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ድምፃቸው ጆሮ ያደነቁራል። ነጂዎቹ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ጃኬታቸው ላይ የራስ ቅል የተሰፋበት፣ ክንዳቸው በንቅሳት የጠቆረ ሽማግሎች። ለቀብር እንዲህ ሆኖ ይመጣል? የሳምራዊ ደሙ ፈላ። መሪያቸው ሮቢ የሚባል ግዙፍ ሰውዬ ነበር። ሊያስረዳው አፉን ገና ሲከፍት ሳምራዊ ከጉብታው ጀርባ ያለውን ሜዳ አሳየው።

«እዚያ ፓርክ አድርጉ። ቤተሰቡ እስኪገባ ድረስ እንዳትነቃነቁ።»

ሮቢ ትንሽ አየው። «የቤተሰቡ ፈቃድ ከሆነ ኦኬ» አለና ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ረባሽ እንዲህ በቀላሉ መታዘዙ ሊያጠራጥረው በተገባ ነበር። ወዳጄ ግን እንኳን ሊጠራጠር፣ ልቡ አበጠ።

ቀጥሎ አንድ ቫን መጣ። አባትየው ሱፍ በከረባት፣ እናትየው ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ልጆቹ ጸጉራቸው የተበጠረ። አባትየው መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ «ስለ ወታደሩ ነው የመጣነው» አለ፣ በትሕትና። ሳምራዊ አንገቱን ደፋ። በጎ ፈቃደኞቹ እነዚህ ናቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች፣ አለ በሆዱ። የመንገዱን ዳር የዘጋበትን ኮን አንስቶ አሳለፋቸው። አስከሬኑን የያዘው መኪና የሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ላይ አቆማቸው። ቀይ ጸጉር ያላትን ትንሿን ልጃቸውን ውኃ ሰጣት፤ አመሰገነችው።

የእድርተኞቹን መኪና ሲያስቆም ቆይቶ ዘወር ቢል ጽሑፎቹ ወጥተዋል። የእሴይ ፎቶ ከነዩኒፎርሙ አለ፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ሲኦል ውስጥ ነው» ይላል። ልጆቹ ይዘምራሉ።

 በሩ አጠገብ ወደቆመው ፖሊስ ሮጠ፤ ፖሊሱ የቆሙት የሕዝብ መንገድ ላይ ነው፣ አለቃዬን ልጠይቅ አለው። መቼ ጠይቆ መቼ ሊመለስ? አስከሬኑና ቤተሰቡ ከአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወርደዋል ተብሎ ተደውሏል። ተመልሶ አባትየውን ለመነው። «እናቱ ናት የምትመጣው። ሌላ ልጅ የላትም። እባክህ።»

«ለእሷም ስንል ነው፤ ንስሐ እንድትገባ» አለው ሰውየው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ። የሳምራዊ እጅ ተጨበጠ። የያዘው አምላክ ነው።

ወደ ጉብታው ጀርባ ሮጠ። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ «ሳሪ፣ ተሳሳትኩ፣ እናንተን እነሱ መስላችሁኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ሮቢ አልተቆጣም፤ ባንዲራዎቹን አስወጣ። «አንናገራቸውም፣ አንነካቸውም። ጀርባችን ለእነሱ፣ ፊታችን ለእናቲቱ ነው» አለው። ሞተሮቹን ግን ማውጣት አልተቻለም፤ ሳምራዊ ራሱ የእድርተኛውን መኪና አጠጋግቶ አስቁሞ መውጫቸውን ዘግቶታል። ሰዎቹ በእግራቸው ወረዱ። አብዛኞቹ የድሮ ወታደሮች ናቸው፤ እያነከሱ የሚሮጡ አሉ። ሲደርሱ አስከሬኑን የያዘው ጥቁር መኪና በሩ ላይ ነው። የያዙት ባንዲራ ጥጉን ሁሉ አልሸፈነም፤ ዝማሬውን የሚውጥ የሞተር ድምፅም የለም።

ያኔ ኑሪያ ጽሑፉን አነበበችው። ኑሪያ የእትዬ ሠርካለም የሥራ ባልደረባ ናት፤ መርዶውን ከሰሙ ወዲህ ከቤታቸው አልጠፋችም። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ሻርፕ ገፍፋ በሁለት ባንዲራዎች መሐል ዘረጋችው። «ነጠላችሁን አምጡ» አለቻቸው ሴቶቹን። ሁሉም ለሐዘን ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው የለበሱትን ነጠላ እያወለቁ ከዳር እስከ ዳር ዘረጉ። ቀጥላ «ወይኔ እሴይ፣ ወይኔ ልጄ» ብላ አቀለጠችው። የታፈነው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሰጡት አቶ ሰረቀብርሃን ደረታቸውን እየደቁ አብረው ጮኹ። ዝማሬው ተዋጠ። ሳምራዊ የአንዱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ይንሰቀሰቃል፤ ለእሴይ ይሁን ለራሱ ጥፋት አያውቀውም።

መኪኖቹ በዝግታ አለፉ። እትዬ ሠርካለም ያሉበት መኪና ሲታጠፍ ቀይ ጸጉሯ ልጅ በሳምራዊ በኩል፣ በነጠላው ጫፍ ሾልካ ብቅ አለች። ጽሑፏን የሆነ ቦታ ጥላዋለች። እትዬ ሠርካለም በመስኮቱ አዩዋት።

የክብር ተኩሱ ተተኮሰ፣ ባንዲራው ታጥፎ ጭናቸው ላይ ተቀመጠ፣ አፈሩ ተመለሰ። ሰው ሲበተን ሳምራዊን አስጠሩት።

«ሳምራዊ ልጄ፣ ያቺ ቀይ ጸጉር ሕፃን የማን ናት? አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እየዘመረች ነበር?»

 «አዎ እትዬ። የ... የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው።»

«ልጄን የሚያውቁ ናቸው?»

ኑሪያን አያት። ኑሪያ መሬት መሬት ታያለች።

«ያውቁታል» አለ።

«ለልጄ ዘመሩለት በለኛ።» መርዶው ከመጣ ወዲህ ፊታቸው ፈታ ሲል ያኔ ገና ማየቱ ነው። «በል ሳይበሉ እንዳይሄዱ። ቤት ይዘሃቸው ና።»

«እሺ እትዬ።»

ቤት ሲደርስ ቸኩለው ሄዱ አላቸው። ሌላ ምን ይበል?

ሳምራዊ ከዚያ ወዲህ በር ላይ መቆም ትቷል። ቢለምኑትም ሰው መለየት አልችልም ይላል። እትዬ ሠርካለም ግን ባገኙት ቁጥር የልጅቷን ደኅንነት ይጠይቁታል። በእሴይ ሙት ዓመት ከአገር ቤት ያስመጡትን የሕፃን ጥልፍ ቀሚስ «አድርስልኝ» ብለው ሰጡት። ሳምራዊም ተቀብሎ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ያዙት። «ሆናት?» አሉት።

«ልክ ሆናት እትዬ» አለ።