በትርንጎ ስም የነደደው ዳገት

ይህን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እሷም ብትሆን ከእኔ ቀድማ ታውቀው ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን ዘልዬ ነው የምነሣው። እሳቸው «ሌላስ አለ?» ይሉኛል። እኔ «የለም አባቴ» እላለሁ። አለ። ሁልጊዜም ነበረ። ዳገቱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ ብዬ አልለምናችሁም። እየሰማችሁ ፍረዱ።

ያኔ ከደባርቅ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ከመንደሩ በላይ አንድ ሰፊ ዳገት አለ። ስመደብ ዳገቱ ድንጋዩ ያገጠጠ፣ ሣር የሌለው ነበር። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ታች ካለው የገብስ ማሳ ላይ ኮረት ይዘረግፋል። ሽማግሌዎቹ ዝናቡ እንደ ድሮው በወቅቱ አልመጣ እንዳለ፣ ውርጩም ገብሱ ሊያፈራ ሲል እንደሚመታው ይነግሩኝ ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው መሬት የላቸው፣ ሥራ የላቸው። ግማሾቹ ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ይወርዳሉ፤ የቀሩት የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፈው ይውላሉ።

ደባርቅ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ወጣቶቹን ሰበሰብኳቸው። «ሰማዩን ማዘዝ አንችልም፤ ዳገቱን ግን መጠበቅ እንችላለን» አልኳቸው። የሳቁ ነበሩ። ትርንጎ አልሳቀችም። የአያ አድማሱ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። እጇን አወጣችና «መምህር፣ ዳገቱን ከከብት ብንከለክለው ከብቶቹ ምን ይበላሉ?» አለችኝ። በሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

መልሱን ያገኘችው ራሷ ነች። ሣሩ ሲያድግ እየታጨደ በተራ ለየቤቱ እንዲታደል አሰበች፤ ቤት ለቤት እየዞረችም አባወራዎቹን ለመነች። መጀመሪያ በሬዎቻቸውን ከዳገቱ ያወረዱት አባቷ ናቸው። ሰዎች ሲስቁባቸው «ልጄ ካለች እሞክረዋለሁ» አሉ። አያ አድማሱ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ደረታቸውን ነፍተው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።

ወጣቶቹም ዳገቱን የሚጠብቅ ክበብ አቋቋሙ። ሦስት ዓመት አለፈ። የጓሳ ሣሩ ተመለሰ፤ የአስታ ቁጥቋጦው አቆጠቆጠ፤ የተከልናቸው የወይራ ችግኞች ወገብ ላይ ደረሱ። ጥር ላይ ትደርቅ የነበረችው የዳገቱ ሥር ምንጭ እስከ ፋሲካ መፍሰስ ጀመረች። ቀፎ ተሰጠን። ንብ ማነቡን ከሁሉም በላይ የያዘችው ትርንጎ ነበረች። ክበቡ የወጣቶች ነው ይባላል፤ እኔም በየስብሰባው የምመሰገንበት ክበብ ነበር። የእሷ እንደነበረ ግን ልቤ ያውቃል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። በመጋቢት ከላይ እንግዶች መጥተው ሞዴል የሆነውን ክበባችንን ይጎበኛሉ ይላል። እንቅልፍ አጣሁ። በጉብኝቱ ማግሥት ስሜ የት የት እንደሚጠራ እያሰብኩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከነሰፈፉ የተቆረጠ የዳገቱ ማር ቢቀመጥ ብዬ ተመኘሁ።

«ትርንጎ፣ ለእንግዶቹ ማር እንቁረጥ» አልኳት።

«አሁን አይሆንም መምህር» አለችኝ። «ያለችው ማር ለንቦቹ ለራሳቸው ናት። ዝናብ እስኪመጣ ምን ይበላሉ? ደግሞ ሣሩ ደርቋል፤ ነፋስም አለ። ጭስ ይዘን ወደዚያ ባንጠጋ ይሻላል።»

«ትንሽ ናት እኮ። ለማሳየት ያህል።»

«ለማሳየት ብለንማ አንቆርጥም» አለች። አንገቷን ደፍታ፣ በአክብሮት ነው ያለችው። ትክክል ነበረች። እኔ ግን ምን ተሰማኝ? ንዴት። ያስተማርኳት ልጅ መልሳ ስታስተምረኝ ንዴት ተሰማኝ።

እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀራቸው ገበያ ዋለ፤ መንደሩም ባዶ ሆነ። የክበቡ ዕቃ የሚቀመጠው በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው። ቁልፉ ትርንጎ ዘንድ ነበር፤ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስሮ ሁልጊዜ ይታያል። ሁለተኛ ቁልፍ ግን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ የእሷ ጠፍቶባት በዚያ ከፍቼላት ስለነበር ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በዚያ ቁልፍ ከፈትኩ። ንብ በጭስ የሚደነዝዝበትን ማጨሻ አወጣሁ፤ ደረቅ ኩበት ጨምሬ ለኮስኩት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋሱ ሲያፏጭ፣ ብቻዬን ወጣሁ።

የቀፎውን ክዳን ገና ከማንሣቴ ንቦቹ ወረሩኝ። የፊት መሸፈኛውን በደንብ አላሰርኩትም ነበርና በአንገቴ በኩል ገቡ። ማጨሻውን ወረወርኩት። ወርውሬው ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ወርጄ ዞር ስል አንድ ቀጭን ጭስ አየሁ።

እዚህ ላይ ነው መቆም ያለብኝ፤ ሌላው ሁሉ የተከተለው ከዚህ ነውና። እሳቱ ያኔ ከአንድ አጎዛ አይበልጥም ነበር። ጋቢዬን ጥዬበት ብረግጠው ይጠፋ ነበር። ለምን አልተመለስኩም? ንቦቹን ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ሐሰት ነው። ከገበያ ቀድሞ የተመለሰ ሰው እዚያ እንዳያየኝ ፈርቼ ነው። ወረድኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ፊቴን በውኃ አበስኩ፤ ተቀመጥኩ። «እሳት! እሳት! ኧረ የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ስሰማ፣ አሁን ገና እንደሰማ ሰው እየሮጥኩ ወጣሁ።

ከገበያ የተመለሰው ሸክሙን እየጣለ ወደ ዳገቱ ሮጠ። እርጥብ ቅርንጫፍ እየቆረጥን መታነው፤ አፈር በተንነው። ሞላ የሚባል የክበቡ ወጣት አንድ ቀፎ ከእሳት ለማውጣት ሁለት እጁን አስገባ። ሲጮኽ ሰማሁት። እሳቱ የቆመው ነፋሱ ሲቆም ነው፤ ያኔ ደግሞ የቀረ ነገር አልነበረም። ጭሱ ሊማሊሞን ለሚወጡ ሹፌሮች ሳይቀር ታይቶ ነበር አሉ። ፊቴ ማበጡን ማንም አልጠረጠረም፤ እሳት ያባረራቸው ንቦች ብዙ ሰው ነድፈው ነበር።

በሁለተኛው ቀን አውጫጭኝ ተጠራ። የመንደሩ ሰው ሴት ወንድ ሳይል ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሜዳ ተቀመጠ፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሰብሳቢው ሽማግሌ ከአመድ ውስጥ የተገኘውን ማጨሻ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«መምህር፣ ይህ ዕቃ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት» አልኩ።

«ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?»

«ትርንጎ ዘንድ ነው» አልኩ።

አልዋሸሁም። ቁልፉ ይኸው አንገቷ ላይ አለ። እውነት ተናግሬ ሰው ገደልኩ። ስለ ሁለተኛው ቁልፍ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

«ትርንጎ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«እኔ አልሄድኩም። ቁልፉንም ለማንም አልሰጠሁም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ጠበቀች። ሞላ የተጠቀለሉ እጆቹን ዘርግቶ ተነሣና «ንቤ ንቤ ስትል አቃጠለችን!» ብሎ ጮኸ። እሷ ወደ እሱ አላየችም። አሁንም እኔን ነው የምታየው።

አያ አድማሱ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም አባዬ።»

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እርስዎ ግን ያስተማሯት ነዎት፤ ያውቋታል። እርስዎ ምን ይላሉ? እርስዎ ያሉትን አምናለሁ።»

«እኔ ነኝ» ማለት ስንት ትንፋሽ ይጠይቃል? አንድ። እኔ ግን «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አልኩ።

አያ አድማሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እስከ ፍርዱ መጨረሻ አላነሡትም።

ትርንጎ ዳገቱን እንዳትረግጥ፣ ስሟም ከክበቡ እንዲሰረዝ ተፈረደ። የክበቡ መዝገብ በእጄ ነበር። ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ መስመሩ ቀጥ እንዲል ማስመሪያ ተጠቅሜ። በሳምንቱ ዳባት ወዳለች አክስቷ ሄደች።

እንግዶቹ እንደተባለው መጡ። ጥቁሩን ዳገት እያሳየሁ «ድርቁ ነው» አልኳቸው። «የአየር ንብረት ለውጡ እሳት ሆኖ መጣብን፤ ወጣቶቻችን ግን እጃቸው እየተቃጠለ ተዋጉት።» ለመንደሩ በትርንጎ አሳበብኩ፤ ለእንግዶቹ በሰማይ አሳበብኩ። አጨበጨቡ። ከሞላ ጋር አቁመው ፎቶ አነሡኝ። ብዙም ሳይቆይ የገጠር ወጣቶችን ለአካባቢ ጥበቃ እንዳደራጅ ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ።

ክበቡስ? በቀጣዩ ክረምት ከብቶቹ ዳገቱ ላይ ነበሩ። ከሁሉም በላይ የለፋችው ስትዋረድ ያየ ወጣት ደግሞ ለምን ይለፋ? ግማሹ ወደ ሁመራ ወረደ። የሞላ እጆች ድነው ቆዳቸው ተኮማተረ፤ ዕርፍ መጨበጥ አይችሉም። እኔ በየቀበሌው እየዞርኩ ወጣት ሰብስቤ «ኃላፊነት ውሰዱ» እላለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አልኩት! አንድም ቀን ምላሴ አልተሳሰረም።

ከዓመታት በኋላ የችግኝ ጣቢያ እንድጎበኝ ወደ ዳባት ተላክሁ። ሴቶችና ወጣቶች ተደራጅተው ያቋቋሙት ጣቢያ ነው። ኃላፊዋን ጥሩልኝ ስል ትርንጎ መጣች። እጇ አፈር ነበር።

«ደህና ነዎት መምህር?»

አብሮኝ የመጣውን ባለሙያ ራቅ እንዲል ነገርኩት። እሷ ቁጭ ብላ በችግኝ ላስቲኮቹ ውስጥ አፈር መሙላቷን ቀጠለች።

«ትርንጎ፣ ያን ጊዜ... እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አለች። እጇ አልቆመም።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እርስዎ ዝም ካሉ በኋላማ እኔን ማን ይሰማኛል?»

«ይቅር በዪኝ።»

ያኔ ቀና አለች። «ለእኔ መንገርዎ ምን ያደርግልኛል መምህር? እኔማ ዱሮም አውቀዋለሁ። ላላወቁት ይንገሩልኝ። ለአባቴ ይንገሩልኝ። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር ይልኩልኛል፤ ነይ ግን አይሉኝም። ሰው ፊት አብረውኝ መታየት ያፍራሉ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

አንገቷን ነቀነቀች። አመነችኝ ይሆን? አላውቅም። ፋሲካ አለፈ። ስብሰባ ነበረ፤ ቀጥሎ ሪፖርት ነበረ፤ ከዚያም ዝናብ ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ። ሰው ላለመሄድ ምክንያት አያጣም። መስከረም ላይ አያ አድማሱ አረፉ የሚል መልእክት ደረሰኝ።

ለቅሶ ሄድኩ። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ነኝና ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ያን አውጫጭኝ የመሩት ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «አድማሱ ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው አስጠራን። በሰው ተደግፎ ተነሣና ድንጋይ ተሸከመ። ‹ልጄ ዳገታችሁን አቃጥላለች፤ ስለ እሷ እኔን ይቅር በሉኝ፤ ስሞት መጥታ ትቅበረኝ› አለን። ምን እንላለን? ይቅር ብለን ድንጋዩን አወረድንለት።»

ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ይህን እንደነገሯት ፊቷ ላይ አየሁ። ወደ እኔ አላየችም፤ ከዚያም ወዲህ አይታኝ አታውቅም።

ያን ቀንም አልተናገርኩም። ለቅሶ ነው፣ ጊዜው አይደለም አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

አፌ እንደማይታመን ስላወቅሁ ጻፍኩት። ይህ ጽሑፍ ለመንደሩ ቄስ ተልኳል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ይነበባል። እኔም ሕዝቡ ፊት እቆማለሁ። ሞላ ይሰማል። ሽማግሌዎቹም፣ ዛሬ የልጅ አባት የሆኑት የክበቡ ወጣቶችም ይሰማሉ። የፈለጉትን ይፍረዱብኝ።

ይቅር በሉኝ ግን አልልም። ዳገቱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ስለ እሳቱ ግን ይቅርታ አንድ ጊዜ ተጠይቋል። የጠየቁት ምንም ያላጠፉ ሰው ናቸው፤ ከሞት አልጋ ተነሥተው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።