ድልድዩ ላይ የሚያልቀው ጌም

ዲላ ውስጥ አንድ ጌም ይረባል ወይም አይረባም ብሎ የሚፈርድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ከገበያው ጀርባ ባለችው ፕሌይስቴሽን ቤት አዲስ ሲዲ ሲመጣ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ እኔን ያስጫውተኝና ፊቴን ያያል።

አንድ ክረምት፣ ሁላችንም ያበድንለት ጌም ክፍል ሁለት መጣ። ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ የጃፓን ካርቱን ጀግኖች የጠላትን ሠራዊት በጎራዴ እንደ ሣር የሚያጭዱበት ነው። ተጫወትኩና ፈረድኩ፦ «ስዕሉ አምሯል፤ ግን አጭር ነው፣ ድልድዩ ላይ ያልቃል።» ከወናጎ በሚኒባስ የሚመጡት ልጆች ሳይቀሩ ይህንኑ ይደግሙ ጀመር።

ቤቱ ግን ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ አልነበረውም። የአንድ ሰው ተራ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሲሞላ ባለቤቱ ያጠፋዋል፣ ተረኛው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ስለሚጠፋ፣ መጨረሻው እሱ መሰለን።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የውጭ ሃያሲያን ስለዚያው ጌም የጻፉትን ከአንድ የድሮ ተጫዋች ጓደኛዬ ጋር ኢንተርኔት ላይ አነበብን። ድልድዩ ለካ ገና መግቢያው ነው። ሰዎቹ ደግሞ ረዘመ፣ ያው መቁረጥ ያው መፍለጥ ነው፣ ሰለቸን እያሉ ያማርራሉ።

ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «አሁንስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ፍርዴን አላነሳም» አልኩት። «እነሱም ድልድዩ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ባልሰለቻቸው ነበር።»