ጀማ ላይ የያዝኩት ገመድ

ጥምቀት አልፎ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀማ ይጠራል። የክረምቱ ደለል ይዘቅጣል፣ ወራጁ ይሳሳል፣ ጥልቅ ጥልቁ ቦታ ብቻ እንደ ገንዳ ተኝቶ ይቀራል። ቆላ ስለሆነ ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ከላይ ከደጋ የወረደ ሰው እጁን ከቶ ማውጣት አይፈልግም። እናንተም መነጽር ገዝታችሁ፣ ፌሮ አሹላችሁ የምትመጡት ይህንኑ አይታችሁ ነው። አልከለክላችሁም፤ ብከለክልም አትሰሙኝም። የዚያን ቀኑን ነገር ግን በመጣችሁ ቁጥር ንገሪን ትሉኛላችሁ፣ እኔም ማውራቱ ደከመኝ። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝና ፊደሉ ቢጣመም ታገሱኝ። ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት።

አባቴ ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ክረምት ክረምት ሰው የሚያሻግር ዋናተኛ ነበር። ወገቡ ላይ ቅል አስሮ፣ መንገደኛውን ከነስንቁ እየገፋ ያሻግር ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው መዋኘቱንም መጥለቁንም ያስተማረው እኔን ነው። ሴት ልጅ ውኃ ውስጥ ምን ትሠራለች ሲሉት «ታዲያ ውኃው ማን ነሽ ብሎ ይጠይቃታል?» ይላቸው ነበር። ድልድዩ ሲሠራ የማሻገሩ ሥራ ቀረና ወደ አሳው ዞርን። ሃያ ዓመት ያህል ጠልቄያለሁ። አንድ ቀን እታች እያለሁ የግራ ጆሮዬ ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ በእሱ አልሰማም፣ አልጠልቅምም። በእኔ ቦታ መጥለቅ የጀመረችው ልጄ የሺ ናት። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን ሃያ ዓመቷ ነበር። እኔ ገመድ ያዥ ሆንኩ።

ሦስተኛዋ አሚናት ናት። ዓለም ከተማ ገበያ ዳር አሳ ትጠብሳለች፤ ልጅ ሳንወልድ ጀምሮ ባልንጀሮች ነን። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እኔ ለካህናቱ ትቼዋለሁ። ሁዳዴ ሲመጣ ግን ከእኔ ይልቅ ደስ የሚለው እሷን ነው። «እናንተ ባትጾሙ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች።

አጠላለቃችን ከአባቴ የወረስነው ነው። ጠላቂዋ ወገቧ ላይ ገመድ ታስራለች፣ ጫፉን ሌላዋ ድንጋይ ላይ ቆማ ትይዛለች። የያዘችው ጠላቂዋ ከገባች ጀምሮ ሳትፈጥን ሳትዘገይ አባታችን ሆይ ትላለች። ስትጨርስ ገመዱን አንዴ ሳብ ታደርጋለች፤ ግማሹ ሄዷል ማለት ነው። ከታች አንዴ መልስ ይመጣል፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ከዚያ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ትቀጥላለች። እሱ ሲያልቅ ሳታቋርጥ ትስባለች፣ ጠላቂዋም የያዘችውን ይዛ ትወጣለች። አሚናት በዚህም ትቀልዳለች። «የእናንተ ጸሎት ይረዝማል። በእኛ ፋቲሃ ብቆጥርላት ኖሮ ትንፋሿ ሳይጎድል ትወጣ ነበር» ትላለች።

የሺ የምትወጋበት ቀጭን ፌሮ ነው፣ ጫፉን ጋራዥ ወስደን አሹለነዋል። ኋላው ላይ ከመኪና ጎማ የውስጥ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ታስሯል፤ ላስቲኩን አውራ ጣቷ ላይ አጥልቃ ፌሮውን ወደ ኋላ ትስብና ትለቀዋለች። አምባዛ ቆዳው ያዳልጣል፣ በእጅ ኃይል ብቻ አይበሳም።

የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ጓዳው ወረድን። ጓዳው የምንለው ገደል ሥር ያለ ጥልቅ ገንዳ ነው፤ ከታች ድንጋዩ ተቦርቡሮ ትልልቁ አምባዛ እዚያ ይገባል። ሁለት ዓመት ያመለጠን አንድ ነበር፣ ጭንቅላቱ የአካፋ ያህል። የሺ ለእሱ ስትል ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ከመግባታችን በፊት አሸዋውን ማየት የእኔ ሥራ ነው። አዞ ሆዱን እየጎተተ ሲሄድ ሞፈር እንደጎተቱበት መሬት መስመር ይተዋል፤ ጥፍሩ ግራና ቀኝ ይታተማል። ጥፍሩ ወዴት እንደዞረ አይታችሁ አካሄዱን ታውቃላችሁ። በበጋ ገንዳው ሲያንሰው ወጥቶ በአሸዋው ላይ ወደ ሌላ ገንዳ ይሄዳል። እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነበር። ከጓዳው የወጣ መስመር፣ ወደ ታች የሄደ፣ ጠርዙ ገና ያልደረቀ። ወረድ ብሎ አሸዋ ሊጭን የመጣ አይሱዙ ያለፈበት የጎማ ዱካ አለ፤ መስመሩ እዚያ ደርሶ ይጠፋል።

«ሄዷል» አልኩ። «ታችኛው ገንዳ ገብቷል።»

አሚናት እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኝ ነበር። ከዓለም ከተማ ጀምሮ ቁልቁለቱን በእግር ወርደናል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ያለፈበትን ተሻግሬ ለማየት ሠላሳ እርምጃ ከበደኝ።

ፀሐይ ገደሉን አልፋ የገንዳው ወለል እስኪታይ ጠበቅንና የሺ ገባች። ሦስት ጊዜ ጠልቃ አራት ቀረሶ አሳ አወጣች። አሚናት ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ቅርፊቱን ትፋቃለች። በአራተኛው የሺ ብቅ ብላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«እማ፣ አለ። ጢሙን አየሁት። ከድንጋዩ ሥር ነው» አለችኝ።

«ትንፋሽሽን ሰብስቢ መጀመሪያ» አልኳት። ሰበሰበችና ወረደች።

አባታችን ሆይን ጨረስኩ፣ ሳብ አደረግኩ፣ መለሰችልኝ። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ከገመዱ ትንሽ ወዲህ ውኃው ላይ እበት የመሰለ ሁለት እብጠት ያየሁት። ደረቅ የሾላ ቅጠል እየተንሳፈፈ መጣና በአጠገቡ አልፎት ሄደ። ቅጠሉ ሲወርድ እሱ ቆሟል። ወራጅ የማይወስደው ነገር ደግሞ እግር አለው።

ብስባት የምትወጣው አፉ ላይ ነው። ካልሳብኳት እታች ትቀራለች። የአባቴ ገመድ ሁለት ምልክት ብቻ ነበረው፤ ደህና ነሽ ወይ የሚልና ነይ የሚል። ቆዪ የሚል አልነበረውም። አባቴም እኔም በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላሰብነውም።

ጸሎቱ አፌ ላይ ቆመ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ገመዱን አሚናት እጅ ውስጥ ከተትኩና በጣቴ አሳየኋት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አትሳቢ። ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ሳቢ። እስከዚያ ብትጨነቂም አትሳቢ» አልኳት።

«አንቺስ?» አለችኝ።

የአባቴን ቅል አሳ ስናጓጉዝ እንዲያንሳፍፍልን ይዘነው እንሄድ ነበር፤ ከወገቤ በሁለት ክንድ ገመድ ታስሯል። እሱን እየጎተትኩ ድንጋይ ለድንጋይ ወደ ላይ ሮጥኩና ከነቀሚሴ ገባሁ። ውኃው ደረቴ ደረሰ። ልብስ እንደምናጥብ በሁለት መዳፌ ውኃውን መምታት ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር። ጀግና የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ሽንቴ አምልጦኛል።

ሁለቱ እብጠት ቀስ ብሎ ዞረ። አየኝ። ከዚያ ሰጠመ።

ሲታይ ከነበረው ይልቅ መጥፋቱ ከፋብኝ። ወደ እኔ ይምጣ ወደ እሷ ይመለስ በምን ላውቅ? መውጣት እችል ነበር፣ ድንጋዩ አጠገቤ ነው። መምታቱን ካቆምኩ ግን ወደ እሷ የሚመለስ መሰለኝና መታሁ። ወገቤ ላይ ያለው ገመድ ድንገት ተወጠረና ወደ ታች ጎተተኝ፤ አገጬ ውኃ ነካ። ቅሉ ሲደቅ በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት። ገመዱ ተበጠሰ። ዳር ላይ የነበረውን የሾላ ሥር እንዴት እንደያዝኩት አላስታውስም፣ ድንጋዩ ላይ ስደርስ የቀኝ እጄ ሁለት ጥፍሮች አልነበሩም።

ዞሬ ሳይ የሺ ድንጋዩ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። አሚናት ጀርባዋን እየመታች በራሷ ጸሎት አምላኳን ትጠራለች። ስደርስ ትንፋሽ አልነበራትም። ፊቷን አዙሬ ስሟን ጠራሁ፣ በጥፊ መታኋት፣ እንደገና ጠራሁ። ሳለች። ውኃ አስታወከች። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ፌሮውን ነው፤ አምባዛው ላይ ተሰክቶ እታች ቀርቷል። እስከዛሬ አላወጣነውም።

እነሱ ሲረጋጉ ተነሥቼ ጠዋት የከበደኝን ሠላሳ እርምጃ ሄድኩ። ከጎማው ዱካ ማዶ አሸዋው ንጹሕ ነበር፣ አንድም መስመር የለበትም። አዞው አልተሻገረም። ጎንበስ ብዬ ዱካውን ራሱን አየሁት። ከጎማው ጥርስ መሐል መኪናው ያላጠፋት አንዲት የጥፍር ማኅተም ነበረች፣ ወደ ጓዳው የዞረች። ወጥቶ ተመልሷል፤ የተመለሰበትን እስከ ውኃው ድረስ አይሱዙው ሄዶበታል። እኔ ያየሁት ማየት የፈለግኩትን ነው።

ማታውን የሺን ለምን እንደዚያ እንደቆየች ጠየቅኳት። ደረትሽ አላስጨነቀሽም ወይ አልኳት።

«ሊፈነዳ ደርሶ ነበር» አለችኝ። «ግን አንቺ አልሳብሽኝም። እማ ካልሳበችኝ ገና ጊዜ አለ ብዬ ቆየሁ።»

ከአዞው ይልቅ ይህች ቃል ናት እስከዛሬ የምታስፈራኝ። ልጄ ከገዛ ሳንባዋ ይልቅ የእኔን እጅ አመነች። እጁ ደግሞ ያን ጠዋት አሸዋውን ማየት የሰለቸው ሰው እጅ ነው።

አሁን ሦስተኛ ምልክት አለን። ሁለቴ ሳብ፣ ሁለቴ ሳብ፤ ቆዪ፣ በታች በኩል በሌላው ድንጋይ ውጪ ማለት ነው። እናንተም ተማሩት። አሸዋውን ደግሞ ጎማ ካለፈበት ተሻግራችሁ እዩ፣ ጉልበታችሁ ቢንቀጠቀጥም። ጓደኛችሁን ደረትህ ሲጨንቅህ ገመዱን አትጠብቅ በሉት፤ ለየሺም በየጊዜው እላታለሁ፣ እሺ ትለኛለች፣ ግን እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሕዝቡ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ሲል እኔ ከመጀመሪያው ቃል አላልፍም፣ ቀኝ እጄ በራሱ ይጨበጣል። አጠገቤ ያሉት ቁርጥማት ነው ይሉኛል። የሺ አግብታለች፣ አርግዛ ከቆየችበት ጊዜ በቀር አሁንም ትጠልቃለች። አሚናት ደክሞሻል፣ ገመዱን ለእኔ ስጪኝ ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ደክሞኛል። ግን አልሰጣትም።