ከፏፏቴው ጀርባ

መዋኘቱ የእሷ ሐሳብ ነበር፤ ቦታውን የነገርኳት ግን እኔ ነኝ።

የመሬት አዋጁ በታወጀበት ዓመት መካነ ሰላም ከደረሱት ዘማች ተማሪዎች አንዷ እኛ ቤት ተመደበች። እናቴን ረሃቡ ይዞት የመጣው ተስቦ ወስዷት ቤቱ ለአባቴና ለእኔ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ ቄስ ስለሆኑ «ለሴት ልጅ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም» ተባለ። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ ያደገችው ቢሾፍቱ፣ ሆራ ዳር ነው። ቀኑን ሙሉ ከቆላ የተሰደዱ ሰዎች በሰፈሩበት መጠለያ እህል ስታድል፣ የሕፃናት ራስ ስትላጭ፣ ሬሳ ስታስነሣ ትውልና ማታ በአንዲት ጣሳ ውሃ እግሯን ታጥባ ትተኛለች። ቅማሉን ፈርታ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣዋለች።

አንድ ቀን ከመጠለያው ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ሽታው ከቆዳዬ አልለቅ አለኝ እኮ» አለችኝ። «ገብቼ የምጠልቅበት ውሃ ባገኝ! አንድ ቀን ብቻ።»

እኔም ሳላስበው፣ «ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ውስጥ ፏፏቴ አለ፤ ሥሩ ጥልቅ ነው» አልኳት። ልጅ ሆኜ ስታመም እናቴ እዚያ ወስዳ አስጠምቃኛለች።

የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የአገራችን ባላባት መሬታቸው ሲወረስ ጥቂት ሰዎች አስከትለው የገቡት እዚያው ጫካ ነበር። በዚያው ሰሞን በጎረቤት ወረዳ አንድ ዘማች ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተገድሎ ተገኝቷል። ማን እንደገደለው ያየ የለም፤ ሰው ሁሉ ግን በሹክሹክታ የሚያነሣው እሳቸውን ነው። እኔ እሳቸውን የማውቃቸው በሌላ ነበር። የአባቴ የንስሐ ልጅ ናቸው፤ ለፋሲካ ሙክት ይልኩልን ነበር።

«ወደ ዓባይ በረሃ ወርደዋል ተብሏል» አለች ስነግራት። «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ ነው የነገረን።»

ተብሏል። በዚያ ዘመን ስንቱን ሰው «ተብሏል» በላው። ግን ፊቷን አየሁና እሺ አልኩ።

አባቴ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ወጣን። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ገና አልረገፈም፤ ከዚያ ሁሉ ድርቅ በኋላ ምድሩ አረንጓዴ ሲሆን ማየት ራሱ ያስፈራ ነበር፣ መልሰው የሚቀሙን ይመስል። እሷ ካኪዋን ለብሳ፣ ሸራ ጫማዋን ተጫምታ ከፊቴ ትሄዳለች። ቀይራ እንድትመጣ ለምኛት ነበር፤ ሌላው ልብሷ ታጥቦ አልደረቀም። በየመንገዱ ያገኘናቸው ሰዎች «ወዴት ናችሁ?» ሲሉን «ለጸበል» እላለሁ። አንዲት አሮጊት ካኪውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ብቻ በጊዜ ተመለሱ» አሉን። የ«በጊዜ» አባባላቸው ከልቤ አልወጣም።

ጫካው ውስጥ ስንገባ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እየበዛ፣ ከዛፎቹ ላይ ሽበት የሚሉት ነጭ ክር መሳይ ነገር እየተንጠለጠለ፣ ብርሃኑ እየቀነሰ መጣ። መሬቱ ርጥብ ነው። እሷ ወፍ በጮኸ ቁጥር ቆማ እየሳቀች «ስማው! ስማው!» ትለኛለች፤ በእንግድነቷ ወራት እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔ የማየው መሬት መሬቱን ነበር። መንገዱ ዳር የበቅሎ ፋንድያ አየሁ፤ ገና አልደረቀም። ትንሽ አለፍ ብሎ ድንጋይ መሐል አመድ አለ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። እንመለስ ልላት አፌን ከፈትኩና፣ ከሰል አክሳዮች ይሆናሉ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተከተልኳት። ወዲያው የውሃው ድምፅ ተሰማ።

ፏፏቴው ከትልቅ ገደል ሳይሆን ከሁለት ሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ካለ አለት ነው የሚወርደው። ሥሩ ጥቁር ኩሬ ሠርቷል። ከሚወርደው ውሃ ጀርባ አለቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። እሷ አላመነታችም። ካኪዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ አነጠፈችው፣ ጫማዋን አጠገቡ አኖረች፣ በውስጥ ልብሷ ዘላ ገባች። ጠፋች። ከወዲያ ማዶ ብቅ ብላ፣ «ይገድላል ብርዱ! ነይ!» ብላ ጮኸች። እኔ ዋና አልችልም፤ ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ለጥቂት ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ መጠለያውንም እናቴንም ረሳሁ።

ከላይ ድንጋይ ተንከባለለ። ተከትሎ የሰው ሳል መጣ።

እጄን አወናጨፍኩላት። ገባት፤ ጠልቃ ሄደችና ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገባች። እኔ ካኪውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዎች ምንሽር አንግተው ከአስታው መሐል ወጡ። መሐለኛው እሳቸው ነበሩ። ጺማቸው አድጓል፤ ጋቢያቸው ከጭቃው ጋር አንድ መልክ ሆኗል።

«ደህና ዋሉ ጌታዬ» አልኩ ተነሥቼ፤ መነሣት እንደሌለብኝ ትዝ ሲለኝ መልሼ ተቀመጥኩ።

«የቄሱ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ብቻዬን። ጸበል ልጠመቅ። እመቤቴን...»

«የቄስ ልጅ ሆነሽ በእመቤታችን አትማይ» አሉኝ ቀስ ብለው። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ፣ በእፍኛቸው ጠጡ። ስለ አባቴ ጤና ጠየቁኝ። ስለ ቤታቸው ጠየቁኝ፤ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆኗል ማለት ጨንቆኝ «ቆሟል» አልኳቸው። የእናቴን ሞት አልሰሙም ኖሮ፣ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ስመልስ ጆሮዬ ያለው ውሃው ጀርባ ነው። እዚያ ብርድ ውስጥ ስንት ጊዜ ትችላለች? ብትስልስ? ብትደነዝዝና ብትሰጥምስ?

አንደኛው ወጣት፣ የወንድማቸው ልጅ ይመስለኛል፣ ድንጋዩ ላይ የቀረውን የእሷን ጫማ አየ። እኔ ረስቼው ነበር።

«ይኼ የዘማች ጫማ ነው!» አለና ምንሽሩን ከትከሻው አወረደ። ፏፏቴውን ትኩር ብሎ አየ። «እዚያ ውስጥ ሰው አለ። ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

ባላባቱ ውሃውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን። ከዚያ የተቀመጥኩበትን ነጠላ።

«አብራሽ የመጣችው» አሉኝ፣ «ዋና ትችላለች?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«እንግዲያው እኛ ዳገቱን እስክንወጣ እዚያው ትቆይ።» ወደ ልጁ ዞረው፣ «መሣሪያህን አንግት» አሉት።

«አባባ፣ ነገ ወታደር ይዛብን ትመጣለች እኮ!»

«አንግት አልኩህ። ከቄሱ ልጅ ፊት ደም አላፈስም።»

ልጁ ጥርሱን ነክሶ አነገተ። ጫማውን ግን አልተወውም፤ ክሩን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ባላባቱ ሊሄዱ ሲሉ መለስ ብለው፣ «ለአባትሽ...» አሉና ቆም አሉ። «ተይው፤ ምንም አትንገሪው።»

ዳገቱን ጨርሰው እስኪጠፉ ጠብቄ ጠራኋት። ስትወጣ ከንፈሯ እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆኗል፤ ቁልፏን መቆለፍ አቅቷት እኔ ነኝ ያለበስኳት። ነጠላዬን ደረብኩላት፣ በረባሶዬን ሰጠኋትና በባዶ እግሬ ፊት ፊት ሄድኩ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ነው የተናገረችው።

«ውሃው የምትሉትን አላሰማኝም። ግን አይቼሻለሁ። ጠየቁሽ፤ አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽ። ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

ነገርኳት፣ አንድ በአንድ። ማመኗን ግን ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ዝንጀሮ ቅጠል ባንኮሻኮሸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን፤ እየደነገጥን ግን አንተያይም። በእሷ ቤት እኔ የሽፍቶች ወዳጅ ነኝ። በእኔ ቤት ደግሞ እሷ አንድ ቃል ብትተነፍስ አባቴ፣ የባላባቱ የንስሐ አባት፣ ነገውኑ የሚታሰሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከፏፏቴው የባሱ ነበሩ። አንድ ቤት እናድራለን፣ አንድ መሶብ እንቀርባለን፣ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። ጫማዋን ወንዝ ወሰደው ብላ ለጓደኞቿ መናገሯን ሰማሁ። ወደ ዘመቻው ጽሕፈት ቤት በሄደች ቁጥር ግን እስክትመለስ እህል አይወርድልኝም። አባቴ «ምን ሆናችኋል እናንተ ልጆች?» ይሉናል፤ እኛም «ምንም» እንላለን።

ጥቂት ቆይቶ ወታደር የጫነ መኪና ከወረኢሉ በኩል መጥቶ ወደ ጫካው አለፈ። ቀኑን ሙሉ ተኩስ ተሰማ። እሷ ከመጠለያው እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «አምላክ ምስክሬ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

መሐላዋን ሳይሆን እግሯን አየሁ። በባዶ እግሯ ስትሮጥ እንቅፋት የመታት ጣቷ ይደማ ነበር። ውሃ አምጥቼ አጠብኩላት፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባትም ማንም አልጠቆመም ይሆናል።

የባላባቱን ሬሳ በማግሥቱ ገበያው ዳር አኖሩት። አባቴ ሊቀብሩ ሄደው ተከልክለው ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ተመለሱ። በሦስተኛው እሷ ካኪዋን ለብሳ አብራቸው ሄደች። ከወታደሮቹ አለቃ ጋር ምን እንደተነጋገረች አልሰማሁም፤ ብቻ አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ ማንም አላስቆማቸውም። እሷ ከኋላ ከኋላ ትከተል ነበር፤ እኔም ሄጄ አጠገቧ ሆንኩ።