ቦራ እንዳይሸጥ

የመካነ ሰላሟ በዛች ሞትን አትፈራም። የምትፈራው ተዝካሩን ነው።

ባለፈው ዓመት እህቷ ስታርፍ ልጆቿ ለተዝካር ሁለቱንም በሬ አረዱና፣ እርሻ ሲደርስ የሰው በሬ ሲለምኑ ከረሙ። በዛች ያላት ልጅ አንዲት ናት፤ የኔአለም። የኔአለም ያላት በሬም አንድ ነው፤ ቦራ። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች ታሳርሰዋለች።

«እኔ ስሞት ቦራን ትሸጠዋለች» እያለች በዛች ስትብሰለሰል ኖረች። በመጨረሻ የቀብር ወጪዋን እንኳ በቁሟ ልትጨርሰው ቆረጠች። ቅሬ የሚሉትን የሰፈሩን እድር ዳኛ ብትጠይቀው፣ መቃብር ማስቆፈሩ፣ ድንኳኑና ለለቀስተኛው የሚቀርበው ምግብ የቅሬው ነው፤ መገነዣውና ሳጥኑ ግን የቤተሰብ ነው አላት። አቡጀዲውን ገዝታ አስቀመጠች። ከዚያ ዶሮዎቿን ሸጠችና አናጺው ጀብሪል ዘንድ ሄደች።

«ሳጥኑ ለማን ነው፣ እማማ በዛች?»

«ለእኔ።»

«ያረቢ! አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ይልቅ ለካኝ።»

ጀብሪል ሜትሩን ሲዘረጋ በዛች ጎንበስ አለች።

«ቀጥ ብለው ይቁሙ እንጂ!»

«እስክሞት ድረስ መጉበጤ አይቀርም። አሁኑኑ አሳጥረህ ለካ፤ ጣውላው ይቀንስልኝ።»

«ወላሂ፣ እግርዎ ውጭ ቢቀር የሚታማው እኔ ነኝ!»

ሳጥኑ ያለቀ ዕለት ጀብሪል በአህያ ጋሪ ጫነው፤ እሷንም አጠገቡ አስቀመጣት። መስጊዱ ጋ ሲደርሱ የዙሁር ሰላት ሆነና «ሰግጄ ልምጣ» ብሏት ገባ። ፀሐዩ ያቃጥላል። በዛች ሳጥኑን ገልመጥ አደረገችው። ይበቃት ይሆን? ገብታ ተጋደመች። በቃት። ለዝንቡ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደግሞ ሲመች! እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

የቅሬው ጥሩምባ ነፊ አራጌ በዚያ ሲያልፍ ያየው ይህንኑ ነው፤ ጋሪ ላይ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ በዛች፣ ፊቷ ላይ ነጠላ። ማንንም አልጠየቀም፤ ሮጠ።

ጀብሪል ከሰላት ወጥቶ ጋሪውን መንዳት ከመጀመሩ ጥሩምባው ተነፋ። በዛች ከሳጥኑ ብድግ አለች።

«የእኛ ቅሬ ነው! ቶሎ ንዳ፤ የቀረ ይቀጣል!»

ለቅሶው በሰፈሯ ነበር። ሰዉና እየተተከለ ያለው ድንኳን ደጁን ሸፍኖታል። በዛች ከጋሪው ወርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለች ከሴቶቹ ኋላ ተቀላቀለች። በደንብ ካለቀሰች በኋላ ከፊቷ ያለችውን ሴትዮ ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«በዛች ናት እኮ» አለች ሴትዮዋ፣ ዞር ሳትል እንባዋን እየጠረገች።

«ውይ፣ ምስኪን!»

ይህን ካለች በኋላ ነው የቆመችበት ደጅ የራሷ መሆኑን ያስተዋለችው። ልትጮህ አፏን ስትከፍት የየኔአለም ድምፅ ቀደማት። ልጇ ደረቷን እየደቃች የቅሬውን ዳኛ ትማጸናለች። «ቦራን ሽጡልኝ! እናቴ ያለ ሰንጋ ተዝካር አትቀርም!»

«ቦራን ንኪና!» አለች በዛች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። የድንኳኑን ምሰሶ የያዙት ለቀቁት፤ ድንኳኑ ዳኛው ላይ ወረደ። አራጌ ጥሩምባውን ጥሎ አጥር ዘለለ። የኔአለም ብቻ ሳትሸሽ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ነገሩ ተነግሮ፣ ዳኛውም ከድንኳኑ ሥር ተጎትቶ ከወጣ በኋላ በዛች ልጇን ያዘቻት። «ስሞትም ቢሆን ቦራ አይሸጥም።»

«ሰው ምን ይለኛል፣ እናቴ?»

«ሰውማ ይኸው ሞልቶ ቆሟል፤ እንጠይቀው።» ወደ ለቀስተኛው ዞረች። «በሉ፣ ልጄ ሰንጋ ሳትጥል ብትቀር ምን ልትሏት ነው? እኔ እየሰማሁ በሉት።»

ከፊት የቆሙት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«አራጌ! አጥሩ ጀርባ ያለኸው! ሐሜት የምትጀምረው አንተ ነህ። በል!»

አራጌ ራሱን ብቻ አወጣ። «እኔማ... ሥጋ አልነበረም፣ ብል ነው።»

«እሺ፣ አልክ። ሌላስ?»

ዳኛው አቧራውን አራግፎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሁላችንም ምስክር ነን። የበዛች ተዝካር ዳቦና ንፍሮ ነው። ልጇን ያማ በቅሬው ይቀጣል።»

የኔአለም ግን እንባዋ አልቆመም። «እሺ፣ በሬው ይቅር። ግን ምንም ሳላደርግልሽ...»

«ታለቅሺልኛለሽ። ቅድም ጥሩ አልቅሰሽ ነበር፤ ደረትሽን ብቻ ቀስ አድርጊው።» በዛች የልጇን ጉንጭ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። «አሁን ሂጂና ለቦራ ድርቆሽ ጣይለት። ነገ እርሻ አለበት።»