የዛጎሉን ክፍል አንደፍንም

ከጓሯችን ሥር ያለውን ክፍል ማን እንደሠራው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከላዩ የምኖረው ግን እኔ ነኝ። ነፋስ ስልክ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ብትጠይቁ፣ ጣሊያን የቆፈረው መሸሸጊያ ነው የሚል አንድ ሰው፣ የጠንቋይ ቤት ነበር የሚል ሌላ፣ የግሪክ ነጋዴ ወርቁን የደበቀበት ነው የሚል ሦስተኛ አታጡም። ሦስቱም ይምላሉ። ሦስቱም ገብተው አያውቁም። እኔ ገብቻለሁ፣ ግድግዳውን በእጄ ዳስሻለሁ፣ ወለሉን ጠርጌያለሁ፤ ስጠየቅ ግን «አላውቅም» ነው የምለው። ይህች መልስ ስንት ሰው እንደምታናድድ ብታዩ!

ነገሩ የጀመረው በሽንት ቤት ነው። አሮጌው ጉድጓድ ስለሞላ ጓሮ በኩል አዲስ ልናስቆፍር ወሰንን። የምንኖረው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እሷ ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ፣ ጎፋ ገበያ ቆጮ ስትሸጥ ኖራ፣ አባቴን ቀብራ፣ እኔን አሳድጋ፣ አሁን ጉልበቷ ስለደከመ ቤት የምትውል አሮጊት ናት። እኔ በሩ ላይ ባለችው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባል የለኝም፤ ምላስ አለኝ።

ቆፋሪው ብርቱ ሰው ነበር። እስከ ወገቡ ከገባ በኋላ ዶማው ድንጋይ መታ። ሲደግመው ድንጋዩ ወደ ውስጥ ወደቀና ከሥር ባዶ ቤት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ስፌቴን ጥዬ ሮጥኩ። በቀዳዳው የስልኬን መብራት ሳበራ ከውስጥ ነጭ ነገር መልሶ አበራብኝ። ግድግዳው ሁሉ ዛጎል ነው። ቆፋሪውም አጎንብሶ አየና ሦስት ጊዜ አማትቦ፣ ዶማውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ከበሩ ውጭ ከቆመ በኋላ ነው ድፍረቱ የተመለሰለት።

«እኅቴ፣ ይሄ ሰው የሚነካው ነገር አይደለም። ጠበል አስረጩበት» አለኝ። ዶማውን በማግስቱ ሰው ልኮ አስወሰደ።

መግቢያውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በአንድ ጎኑ አፈር የሞላው የድንጋይ ደረጃ ነበር፤ ከስፌት ስነሳ እየሄድኩ አፈሩን በባልዲ አወጣሁት። ውስጡ ክብ ነው፤ ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ ይቆምበታል። ዙሪያውን የድንጋይ መደብ አለ። ከመደቡ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ኖራ ተለስኗል፤ በኖራው ላይ ደግሞ ዛጎል ተሰክቷል። ዛጎል ጣይ ጠንቋዮች የሚበትኑት ዓይነት ትንሹ ነጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አለ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ አለ፣ ሆዱ ሮዝ የሆነ አለ፣ ጥፍር የሚያህል አለ፣ መዳፍ የሚሞላ አለ። ትንንሾቹ መስመር ሠርተው ግድግዳውን ይዞሩታል፤ ትልልቆቹ ተሰብስበው አበባ ሆነዋል። መስቀል የለም፣ ጽሕፈት የለም፣ አጥንት የለም፣ ወርቅማ ጭራሽ የለም። ባሕር ከዚህ የት አለና? ይህን ሁሉ ማን ተሸክሞ አመጣው? ለማን ብሎ? መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል አላገኝለትም። ዕድሜዬን ሙሉ ኮሌታና ኪስ ስሰፋ ከእግሬ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ነበር።

ወሬው እኔ አፈሩን አውጥቼ ሳልጨርስ ለቡ መብራት ኃይል ደረሰ። መጀመሪያ የመጣችው በግንብ የምንዋሰናት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት። ወረደች፣ ዞራ አየች፣ «ማሻአላህ! ሙሽራ የሚያስቀምጡበት ነው የሚመስለው» አለችና ልጆቿን ልታመጣ ሄደች። ቀጥላ የመጣችው ፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ነበረች። እሷ አልወረደችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ ምንም ሽታ ሳይኖር አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ ወደ ታች አየችና «የዛጎል ጣይ ቤት!» አለች። በዚያው ቀን ሒሳቡን ሠርታ ጨረሰች። ገበያው ውስጥ ቆጮ የሚሸጥ ሁሉ ተርፎት ሲመለስ የእናቴ ቀድሞ የሚያልቀው ለካ በዚህ ነው አለች። ደንበኛ የማታጣው ለካ መተት የሚሠራላት ስላለ ነው አለች። እናቴ ቀድሞ የሚያልቅላት ምራቂ ስለማትሰስት ነበር። ይህን ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ምራቂውን ስትበላ የኖረች ናትና።

እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ሰፈር ወሬ ሆኖ አይቀርም። አንድ ቅዳሜ የእድራችን ሽማግሌዎች መጡ። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። አባቴን አሳምሮ የቀበረው እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«እማማ፣ እኛ እርስዎን እናውቃለን» ብሎ ጀመረ። «ግን ሕዝቡ አጉረመረመ። ጉድጓዱ ካልተደፈነ ከዚያ ቤት አስከሬን አንሸከምም የሚሉ አሉ።»

«የማንን አስከሬን?» አልኩ።

«አንቺ ቆዪ ልጄ።»

«የማንን አስከሬን ነው ጋሼ? ይንገሩን እንጂ! እናቴ እዚህ ቁጭ ብላለች። በቁሟ እንዲህ ይባላል?»

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «እሺ ልጆቼ፤ እናስደፍነዋለን» አለች። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ጊዜ ሰጥተዋት፣ መርቀዋትም ሄዱ።

ለምን እሺ እንዳለች አውቃለሁ። ከአገሯ በመጣች ሰሞን ተከራይታ በነበረችበት ግቢ አንድ እድር የሌለው የቀን ሠራተኛ ሞተ። ጥሩምባ አልተነፋለትም፤ ድንኳንም አልተተከለለትም። ሰው ተቀጥሮ ተሸክሞት ሲሄድ ከኋላ የተከተለችው እናቴ ብቻ ነበረች። ልታለቅስለት ፈልጋ ስሙን ስላላወቀች ምን ብላ እንደምታለቅስ ጠፋት። ሰነባብታ ገንዘብ እንዳገኘች መጀመሪያ ያደረገችው እድር መግባት ነው፤ አልጋ እንኳ የገዛችው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ ከተባለ ቆጮዋን ሜዳ ላይ ጥላ ትሄዳለች። ዕድሜዋን ሙሉ የምትፈራው ሞትን አይደለም፤ ሰው የሌለበትን ቀብር ነው።

ይህን አውቄም አልቀዘቀዝኩም። አንድ ጠዋት ሲኖትራክ የእኛ መንገድ ስላላስገባው ቀይ አፈር የመንገዱ መግቢያ ላይ ደፍቶ ሄደ። እናቴ ሳትነግረኝ ነው ያዘዘችው። ሁለት ሰዎች አፈሩን በባሬላ ተሸክመው ሲመጡ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አያልፍም» አልኩ።

እናቴ ከበረንዳው ጮኸች። «አንቺ ልጅ! ቤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። እኔም ያንቺ ነኝ። መጀመሪያ እኔን ድፈኚ።»

«ስሞት ብቻሽን ነሽ የምትሸከሚኝ? በየትኛው ትከሻሽ?»

 ሰዎቹም ባሬላውን አስቀምጠው ጨዋታ እንደሚያይ ሰው ያዩናል። በመጨረሻ «እሺ ይደፈን» አልኳት። «ግን ሳታዪው አይደፈንም። አንቺ ቆጮ ሳትቀምሺ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?»

 እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጊዜም ወደ ጉድጓዱ አልቀረበችም ነበር። ግን እሷም ነጋዴ ናትና ነገሩ ገባት። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለችኝ።

አዘልኳት። ግድግዳውን እየደገፍኩ ስወርድ «በስመ አብ፣ በስመ አብ» እያለች ጆሮዬ ሥር ትተነፍሳለች። መደቡ ላይ አስቀምጬ መብራቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት። መጀመሪያ ጣሪያውን አየች፤ ቀጥላ መስመሩን ተከትላ በዓይኗ ዞረች።  እኔ እንኳ፣ እኔ፣ ዝም አልኩ።

ከመግቢያው በስተቀኝ ያላለቀ ቦታ አለ። ኖራው ተለስኗል፤ ዛጎሉ ግን አልተሰካበትም። ዛጎል እንዲቀመጥባቸው በጣት የተጫኑ ጎድጓዳ ቦታዎች ብቻ ተደርድረዋል። እናቴ ጣቷን በአንዱ ከተተች። ልክክ አለ። ቀጥሎ ባለውም ከተተች።

«የሴት ጣት ነው» አለች።

«አይታወቅም እማዬ።»

«ላንቺ አይታወቅም።»

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። እናቴ ስትቆጣ መጀመሪያ ከንፈሯ ነው የሚገረጣው። «ይሄን ነው ሰይጣን ሠራው ያሉት?» አለች። «ሰይጣን መቼ ሠርቶ ያውቃል? የእሱ ሙያ ማፍረስ ነው። ይሄ እኮ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። አንዷ እዚህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ እየለቀመች ሰክታዋለች፤ ዛሬ እኛ አፈር እንጭንባት? አውጪኝ።»

«አፈሩስ?»

«አውጪኝ አልኩ እኮ!»

እሑድ እድሩ ወደሚሰበሰብበት የቆርቆሮ አዳራሽ ተደግፋኝ ሄደች። ወንበር ሲያቀርቡላት አልተቀመጠችም።

«እማማ፣ አፈሩ መጣ አሉ» አላት ዳኛው፣ ነገሩ ያለቀ መስሎት።

«መጥቷል ልጄ። የመንገዱ መግቢያ ላይ ያለውን ጭቃ ሙሉበት። ክረምት ሲገባ አስከሬን ስትሸከሙ እንዳያዳልጣችሁ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «ጉድጓዱስ?»

«አይደፈንም።»

«እማማ፣ እንዲህ ከሆነ እድሩ ሊሰርዝዎት ነው። እኔ ደግሞ አልፈልግም።»

«ሰርዘኝ። ስሞት ጉድጓድ አይቸግረኝም፤ ባለ ዛጎል አበባ አለኝ።»

ፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ብድግ ብላ «ሰማችሁ? በገዛ አፏ ተናገረች!» አለች። ይሰረዙ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ፤ ብዙ እጅ ወጣ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ እንደሷ ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። አልበቁም። እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ጨብጣ አወጣችኝ። ቤት እንደገባን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ልትደብቀኝም አልሞከረች። «ልክ ነኝ» አለችኝ። «ግን አመመኝ።» እኔንም አመመኝ። ልክ መሆን ሕመም የሚያስታግስ ከሆነ እስካሁን ማንም አላሳየኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ብዙ ነው። አንዱ በስልኩ እየቀረጸ «ጉድ በነፋስ ስልክ!» እያለ ሲጮህ በመጥረጊያ አባረርኩት። ሌላው ወርቅ የሚጠቁም መሣሪያ አለኝ ብሎ መጣ፤ እሱንም በዚያው መጥረጊያ ሸኘሁት። አንድ አጥኚ ነኝ ያለ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ሲለካና ሲያይ ውሎ፣ ሲወጣ ራሱን እያከከ «እኔም አላውቅም» አለኝ። ምሳ አብልቼ ላክሁት። አዲስ ሽንት ቤታችንን በሌላኛው ማዕዘን አስቆፈርን።

ክረምቱ ሲገባ በጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። ፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ሞታ አደረች። ወደ እናቴ ክፍል ስገባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከዘራዋን ስትፈልግ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ነዋ።»

«እማዬ፣ ሰርዘውሻል እኮ። ደግሞስ ያሰረዘችሽ ማን ሆነችና!»

«እሷ ሞታለች። ለቅሶ በጥሪ ነው እንዴ?»

ተከትያት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሐል ገብታ፣ የሟቿን ስም እየጠራች የእውነት አለቀሰች። ሰው ከቀብር እስኪመለስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። በእኛ እድር ለቀብር ያልመጣ አባል ስለሚቀጣ፣ በመጨረሻ ጸሐፊው ቆሞ የአባላቱን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ የመጣ «አለሁ» ይላል። ሲጠራ ሲጠራ የእናቴ ስም ይጠራ ወደነበረበት ቦታ ደረሰ። ዘሎት አለፈ።  እጇን ይዤ «እንሂድ» አልኳት በሹክሹክታ። አልሰማችኝም ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ጸሐፊው የመጨረሻውን ስም ጠርቶ ሊቀመጥ ሲል ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች።

«አለሁ» አለች።

 ጸሐፊው ዳኛውን አየ፤ ዳኛው መሬት መሬቱን አየ። እሷ ለመቀመጥ አላሰበችም። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ከኋላ «አሉ፤ ጻፍ እንጂ!» አለች። ጸሐፊው ይጻፍ አይጻፍ አላየሁም፤ እኔ የማየው እናቴን ነበር። ቀና አለችና፣ ከፊተኛው ጮክ አድርጋ፣ እንደገና «አለሁ!» አለች።