ውጅግራው አደባባይ የወጣ ቀን

እማማ ሸጊቱ የሞተን ሰው አዋረዱ እያሉ እስከ ዛሬ የሚያሟቸው ሰዎች ዳባት ውስጥ አሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ማን ማንን እንዳዋረደ ልናገርና ከዚያ ወዲያ የሚያማ ይማ።

እማማ ሸጊቱ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ትልቅ ሰው ሲሞት ይላክባቸዋል። ለቅሶው መሐል ገብተው፣ የሟቹን ካባ ወይም ጠመንጃ አንስተው ግጥሙን ሲያወርዱት፣ ለሟቹ ደንታ ያልነበረው ሰው እንኳ እንባው ይመጣል። ይህን ሁሉ አገር ያስለቀሱ ሴት ግን ለገዛ አባታቸው አላለቀሱም።

አባታቸው ደርቤ በጣሊያን ጊዜ ከሊማሊሞ በታች ዋሻ ይዞ ሲዋጋ፣ አንድ የአገሩ ሰው መንገድ መርቶ አስያዘው። ጣሊያን ገበያ መሐል ገደለው፤ ለእሱ ያለቀሰ ይከተለዋል ብሎም አዋጅ አስነገረ። እናታቸው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዝም አለች። ሬሳው የት እንደተጣለ አልታወቀም፣ ቤቱም ተቃጠለ። በእኛ አገር ሬሳ ከሌለ የሟቹ ልብስ ወይም ጠመንጃ አደባባይ ወጥቶ ይለቀስበታል። እሱም ከሌለ ምኑ ላይ ይለቀሳል? ከደርቤ የተረፈ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነበር፤ እሱንም ጣሊያን ለመንገድ መሪው ሸለመው።

መሪው አለነ ነው። አንቱ ልበለው ብል አንደበቴ እምቢ ይለኛል። ጣሊያን ሲወጣ ጠመንጃውን ደበቀ፣ ትንሽ ቆይቶ አርበኛ ነበርኩ ማለት ጀመረ። የሚያውቁበት ሰዎች አንድ በአንድ ሲሞቱለት ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። የቀሩት ሽማግሌዎች እውነቱን ያውቁ ነበር። ግን አንዱ የክርስትና ልጁ ነው፣ አንዱ በበሬው ያርሳል፤ ዝም አሉ። እኔን ከአለነ ይበልጥ የሚያበግነኝ የእነሱ ዝምታ ነው። በጣሊያን ጊዜ ዝም ያለ ሞትን ፈርቶ ነው፤ እነዚህ ምን ፈሩ?

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ዳባት መንገድ ዳር ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ጎንደር የሚማር ልጅ ከህንዳዊ መምህሩ የተዋሰውን ሲዲ አመጣልኝ። ቋንቋው የለመድነው ሂንዲ ሳይሆን ማላያላም የሚባለው፣ የመምህሩ አገር የኬረላ ቋንቋ ነው አለኝ። አንዲት ቃል የገባችው ሰው አልነበረም። ምኑስ ይተረጎማል? እንግሊዝ አገራቸውን ሊወስድ መጥቷል፤ እነሱ ጫካ ገብተው በቀስትና በጎራዴ ይዋጋሉ። ይህን ዳባት ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ፊልሙን ያሳየሁ ቀን ጧት አለነ ሞቶ ነበር። ለቅሶ ሲኖር ቪዲዮ ቤት መዝጋት ደንብ ነው፤ ለእሱ ግን አልዘጋሁም። ፊልሙ እየሄደ ሳለ እማማ ሸጊቱ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እግራቸው እዚያ ቤት ረግጦ አያውቅም። የአለነ ልጅ ያርጋል ሽማግሌ አስከትሎ ቤታቸው መጥቶ፣ አባቴን እንደ አርበኛ ያልቅሱልኝ ብሏቸው ኖሯል። እምቢ ቢሉ ሽማግሌዎቹ ሙት ወቃሽ አይሁኑ ብለው ያዟቸው። ጥለዋቸው ወጥተው እኔ ጋ ገቡ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው እንግሊዞችን ከፊት ሆኖ በጫካ ይመራል። ይሄ ማነው አሉኝ። የአገራቸው ሰው ነው፣ መሪ ነው አልኳቸው። ጀግናው ተገደለ፤ የእንግሊዝ ሹም የሟቹን ጎራዴ ለመሪው ሰጠው። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ፈተው ከተራራ ወርደው ሬሳው ላይ ሲጮኹ ወታደሮቹ ዳር ቆመው ያያሉ።

«እነሱንስ አፋቸውን የያዛቸው የለም» አሉ እማማ ሸጊቱ። ከዚያ ጎራዴው የተሰጠበት ጋ መልሰው አሉኝ። መለስኩት። አይተው ተነሱ።

ያርጋልና ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው መጥተው በር ላይ ቆመዋል። እማማ ሸጊቱ ያርጋልን፣ አባትህ አርበኛ ከሆነ ጠመንጃው የት አለ ሲሉ ጠየቁት። ያርጋል ደስ አለው። አባቱ በዚህ ነው ጣሊያን የፈጀሁ እያለ ያሳደገው ልጅ ነው፤ ቤት አለ፣ ውጅግራ ነው አላቸው። እንግዲያው እሱን አደባባይ አውጡ፣ አለቅሳለሁ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። እሱ ገብቶታል፤ አሁንም ዝም አለ።

በማግስቱ ውጅግራው ነጭ ጋቢ ላይ ተጋድሞ ወጣ። ሰደፉ የተሰነጠቀ፣ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ነው። እማማ ሸጊቱ ሽቦውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ልጅ ሆነው አባታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲጠመጥመው አይተዋል። ጠመንጃውን አቅፈው ተነሡና አወረዱት፦

«ጠመንጃውስ ወጣ ዘመን ተደብቆ፣
ባለቤቱ ቀረ በገበያ ወድቆ።
ደርቤ አባቴ ሆይ ያላለቀስኩልህ፣
መሪህ አመጣልኝ የማለቅስብህ።»

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወዬ ወዬ ብለው ተቀበሉ። የማን ስም እንደተጠራ የገባቸው ተቀብለው ከጨረሱ በኋላ ነው። ገብቷቸውም አላቆሙም፤ ሁለተኛውን ከፊተኛው አስበልጠው ደረታቸውን መቱለት። ያርጋል ፊቱ ጠቁሮ ጠመንጃውን ሊቀማ እጁን ሰደደ።

እማማ ሸጊቱ አልጮኹበትም። «አባትህን ሂድ ቅበር» አሉት። «እኔም አባቴን እያለቀስኩ ነው።»

እጁን ሰበሰበ። ዘመዶቹና እነዚያ ሽማግሌዎች ሬሳውን ተሸክመው ያለ ሙሾ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የቀረው ለቅሶኛ ከደርቤ ጠመንጃ ዘንድ አልተነሣም።